የዋንዛ አግዳሚዬ ከ18 ወር በኋላ

«ጋሼ፣ ዋንዛ እኮ ነው! ዝናብ ምን ያደርገዋል?» ያለኝ ሻጭ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አምኜ ገዛሁ። አንድ አግዳሚ ለበረንዳ፣ አንድ የቡና ጠረጴዛ ለሳሎን። እንጨታቸው አንድ፣ ቫርኒሻቸው አንድ፣ የመጡበት አይሱዙም አንድ።

የሳሎኑ ደህና ነው። ትኩስ ጀበና ያለ ማቶት ተቀምጦበት ነጭ ክብ አወጣ እንጂ ሌላ እንከን የለውም። ወሬው የበረንዳው ነው።

ግንቦት ላይ ገዛሁት፤ የመጀመሪያውን ክረምት ምንም ሳይል አለፈው። ለካ ጠላቱ ዝናቡ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል እንረሳዋለን እንጂ ፀሐይዋ አትምርም። የካቲት ላይ መቀመጫው ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች አየሁ። ናቅኳቸው። ሁለተኛው ክረምት ሲመጣ ውሃው በዚያች ስንጥቅ ገብቶ ከቫርኒሹ ሥር ተኛ። መውጫ የለውማ! ነሐሴ ላይ በጥፍሬ ነካ ባደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ሥሩ ጠቁሯል።

እግሮቹ ደግሞ የባሰባቸው ነበሩ። የተቆረጠው ጫፋቸው ቀጥታ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ነው ያለው። እንጨት በዚያ በኩል ውሃን እንደ ብርዝ በመቃ ይመጠዋል።

አንተ ልጅ፣ ስለ ዋንዛ ልታስተምረኝ አትችልም። የአያቴ ቤት በር ዋንዛ ነበር፤ ቫርኒሽ የሚባል ነገር ሳያውቀው ነው ያረጀው። እንጨትህን አላማሁም። የቤት ውስጥ ቅብ ቀብተህ ለበረንዳ ስለሸጥክልኝ ነው የማማህ። «ጋሼ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚወስደው» ትለኝ ይሆናል። ሁሉም ሰው ያብረቀርቃል ብሎ ነው የሚወስደው፤ እኔንም ጨምሮ።

ጥቅምት ላይ ሁለት ቅዳሜ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት። ትከሻዬ እስካሁን ይመሰክራል። ደረቅ ሲል የተልባ ዘይት ስስ አድርጌ ቀባሁት፤ ትንሽ ቆይቼ ትርፉን ጠረግኩ፤ በደንብ ሲደርቅ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። ዘይት ያለበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ እንዳትጥሉ፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት። ከእግሮቹ ሥር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ወሸቅኩ። ዘይቱ በየዓመቱ መደገም አለበት፤ ይሁን፣ መፋቁን ግን አልደግመውም።

አሁን አያብረቀርቅም። ባለቤቴ «ያረጀ መሰለ» ትላለች። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስቀመጥበት እጄን ሳላሳርፍበት አልቀርም። እንደገና እገዛው ነበር? አዎ፣ ግን ሳይቀባ።

ትናንት ጎረቤቴ በር ላይ አይሱዙ ቆሞ አግዳሚ ያወርዳል። መስታወት ነው የሚመስለው። «እንዴት ነው?» አለኝ በኩራት። «ያምራል» አልኩትና ጎማ ፍለጋ ወደ ዕቃ ቤት ገባሁ።