«ስልኩ ሲዘጋ ስንት ዓመት ይሆንሻል?»

ለአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ምስጋና አለብኝ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለነገሩኝ አልጠራም።

እኔና ባለቤቴ በትዳር ሰባት ዓመታችን ነው። የምንጣላው ሁሌ በአንድ ነገር ነበር። አምሽቶ ስልኩ ከተዘጋ አብዳለሁ። አንድ ማታ 23 ጊዜ ደወልኩ፤ ለካ ባትሪ ጨርሶ ነው። ሲገባ እጮሃለሁ፣ እሱ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ጭጭ። ጭጭ ሲል ደግሞ ይብስብኛል። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገብቶ አስታርቆናል። አልፈርድባቸውም፤ የተጠሩት ለጠቡ እንጂ ለፍርሃቱ አይደለም። አንድ ሌላ አማካሪ ግን «ሴት ልጅ ቻይ ናት» ብሎ ሸኘኝ። ለዚህም ከፍያለሁ!

እኚህ ሴትዮ በሁለተኛው ቀጠሮ «ስልኩ ሲዘጋ ስንት ዓመት ይሆንሻል?» አሉኝ። ጥያቄው ሳይገባኝ አፌ «ስድስት» አለ።

እናቴ ለሥራ ቤሩት የሄደችው ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። እንዳላለቅስ ተብሎ፣ በተኛሁበት። ስነቃ «ሱቅ ሄዳለች» ተባልኩ። ነጠላዋ በሩ ጀርባ ተሰቅሎ ስለነበር አመንኩ። ስንት ቀን ደጃፍ ላይ እንደጠበቅኩ አያቴ ናት የምታውቀው።

የባለቤቴ ተራ ሲደርስ፣ አባቱ ሲጮሁ አልጋ ሥር ይገባ የነበረ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ንቀት የመሰለኝ ዝምታው እዚያው አልጋ ሥር ነው ያለው።

ነገሩን ያስረዱን በሜሪ ኤንስዎርዝ ሥራ ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ኡጋንዳ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን ያጠናች ተመራማሪ ናት። እናቱ እንዳለች የተማመነ ሕፃን ራቅ ብሎ ይጫወታል፣ ዞር ብሎ ያያታል፣ ይቀጥላል። በፈረንጆቹ 1987 ደግሞ ሀዛንና ሼቨር የተባሉ ተመራማሪዎች ይኸው ትስስር በአዋቂዎች ፍቅርም ውስጥ እንደሚታይ ጻፉ። እኔ እንግዲህ ዞር ስል ሰው ያጣሁት ነኝ።

«እናትሽን ልንከስ አልመጣንም» ማለታቸውን ወደድኩላቸው። የተማርኩት እሷ በላከችው ብር ነው።

አስማት የለም። ስምንት ወር ፈጅቶብናል፣ ዋጋውም ርካሽ አይደለም። አያባብሉም፤ የቤት ሥራ ይሰጣሉ፣ ካልሠራችሁ ይቆጣሉ። መጀመሪያ ለየብቻ አስገብተው ዱላ እንዳለ ይጠይቃሉ። ይህን ሌላ ቦታ አልተጠየቅኩም።

አሁን ባለቤቴ ጠብ ሲጀመር «ሃያ ደቂቃ ስጪኝ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። ይመለሳል። ባለፈው አርባ ደቂቃ ቆየና ሁለቴ ብቻ ደወልኩ።

ልጃችንንም ጠዋት ተደብቄ መውጣት ትቻለሁ። «ሥራ ልሄድ ነው፣ ማታ እመጣለሁ» እላታለሁ። ቀሚሴን ይዛ ታለቅሳለች፣ ሠራተኛችን «ምናለ ዝም ብለሽ ብትወጪ» ትለኛለች። አልወጣም።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ማታ ልጅቷ ስትተኛ እመልሳለሁ።