ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የአሮጌ ሞተር ፎርክና አሞርዛተር ማሠራት፦ ምኑ እዚያ ይሠራ፣ ምኑ ከሻንጣ ይውጣ

ሞተር ሳይክሉ የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ፊቱ ተራ የዘይት ፎርክ (የፊት ጎማውን የሚይዙት ሁለት እግሮች)፣ ኋላው ግራና ቀኝ ሁለት አሞርዛተር። ሥራው አራት ቦታ ተከፋፈለ፦ ደሴ ላይ ጋራዥ፣ ጎሚስታና የመለዋወጫ ሱቅ፣ ኮምቦልቻ ላይ ቶርኖ ቤት። ስም አልጠቅስም። ዋጋም አልጽፍም፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ተጽፎ የሚቀመጥ አይደለም። ፍርዴን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ ወሎ ላይ እጅ አለ፣ መለኪያውን ይዘው ይሂዱ። ብረት መቁረጥ፣ ማቃናት፣ ከምንም ተነስቶ ቡሽንግ (ፒን የሚዞርበት የብረት እጅጌ) ማውጣት እዚያ ይሠራ። ሞላና ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) ከሻንጣ ይውጣ፣ ማለትም ከውጭ ይዘውት ይምጡ።

ከሁሉ ፈጣኑ ጎሚስታው ነበር። የፎርኩ እግር ሥር ያለው ብሎን የውስጡን የዘይት ዘንግ ይዞ ነው የሚታሰረው፤ በእጅ ቁልፍ ሲፈቱት ዘንጉ አብሮ ይዞራል። ጋራዡ የመጥረጊያ እንጨት አሹሎ ከላይ እየወተፈ ግማሽ ቀን ታገለ፤ ጎሚስታው በአየር ሽጉጡ በሁለት ሰከንድ ፈታው። ቅደም ተከተሉን ብቻ ይጠብቁ፦ የላይኛው ክዳን እንደተዘጋ፣ ሞላው ውስጥ እንዳለ ይፈታ፤ ሞላው ዘንጉን ተጭኖ ስለሚይዘው አይዞርም። ብሎኑ ሥር ያለችውን የመዳብ ሮንዴላ አይጣሉ። በእሳት እስክትቀላ አግለው ውሃ ውስጥ ቢነክሯት ትለሰልሳለች፣ ዳግም ትዘጋለች። ሲታሰር ግን በእጅ ነው፤ ሽጉጡ የአሉሚኒየሙን እግር ይሰነጥቃል።

ቶርኖ ቤቱ ኮምቦልቻ ነው፤ ፎርኩንና የኋላውን ጎማ የሚሸከመውን ክንድ ብቻ ነቅሎ በታክሲ መውሰድ ይበቃል፣ ሞተሩን የሐረጎን ቁልቁለት ማስወረድ አያስፈልግም። የሚያብረቀርቁት የውስጥ ቱቦዎች በቪ ቅርጽ ድጋፎች ላይ ተቀምጠው፣ መሃላቸው ላይ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ተደግፎ፣ ቀስ እየተባለ ይዞራሉ። ጌጁ ከዳር እስከ ዳር ከ0.2 ሚሜ በታች ካነበበ ይለፍ። አንደኛው ቱቦ 0.7 አነበበ። ባለሙያው በዓይኑ አይቶ «ቀጥ ያለ ነው» ብሎ ነበር፤ ጌጁ ከሻንጣ ሲወጣ ግን አልተከራከረም፣ «አብሽር፣ ይሄማ ይወጣል» አለና በሃይድሮሊክ ፕሬስ፣ ከሥሩ እንጨት አድርጎ፣ በቀዝቃዛው ሦስት ጊዜ ተጭኖ 0.15 አደረሰው። እሳት እንዳያስነኩት። ሙቀት ክሮሙን ያስነሳል፣ የብረቱንም ጥንካሬ ይገድላል። የመታጠፊያው ቦታ ብዙ ጊዜ ከታችኛው መቆንጠጫ ሥር ነው፤ እዚያ ላይ ክሮሙ ከተጨማደደ ቱቦው አልቋል፣ ለማቃናት አይድከሙ።

የዝገት ጉድጓዶች ጉዳይ ሌላ ነው። ክሮም የሚያድስ ቤት አልተገኘም። ሲሉ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ያለ ጉድጓድ አይጎዳም። ሲሉ በሚመላለስበት ላይ ያለውን በሁለት ቅልቅል ሙጫ ሞልቶ፣ ሲደርቅ በ1000 ከዚያ በ2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ለጊዜው ይይዛል። ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ ከቀረ ግን አዲሱን ሲል ይበላዋል።

አሁን ወደ እውነተኛው ጥበብ። የኋላውን ጎማ የሚሸከመው ክንድ ከሻሲው ጋር የሚገናኝበት ቡሽንግ ያረጀ ሞተር ላይ ሁሌም የተበላ ነው፤ ምንም ዓይነት አሞርዛተር ቢገጠም እሱ ከላላ ዋጋ የለውም። በነበሩት ቡሽንጎች ፋንታ አዲሶቹ ከነሐስ ተሠሩ። ነሐስና ናስ እንዳይምታቱ፦ ነሐስ ቀላ ይላል፣ ናስ ቢጫ ነው፣ ለዚህ ሥራም ቶሎ ያልቃል። ለባለሙያው የሚነገረው ቁጥር ይህ ነው፦ የቡሽንጉ ውጭ ከሚገባበት ቀዳዳ 0.03 እስከ 0.05 ሚሜ ይብለጥ፤ በፕሬስ ወይም በረጅም ብሎንና ዳዶ እየተሳበ ይግባ፣ በመዶሻ አይደለም። ሲገባ ውስጡ ስለሚጠብ የመጨረሻው ልክ የሚወጣው ከገባ በኋላ ነው፤ ፒኑ ከ0.03 እስከ 0.06 ሚሜ ክፍተት ይኑረው። የመጀመሪያው ሙከራ እዚህ ላይ ተበላሸ። ውስጡ አስቀድሞ በልክ ተቆርጦ፣ ሲገባ ጠቦ፣ ፒኑ እምቢ ሲል በአሸዋ ወረቀት እየተፋቀ 0.3 ደረሰ። በቡሽንጎቹ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ክንዱም 45 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ይህች 0.3 ጎማው ጋ ስትደርስ ከ1 ሚሜ በላይ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ትሆናለች፤ ሞተሩ ኩርባ ላይ እንደ ሰከረ ይሄዳል። ባለሙያው ሁለተኛውን ያለ ክፍያ ሠራው። ውስጡ ላይ ጠመዝማዛ የግራሶ ቦይ፣ ክንዱ ላይም ግራሶ መጠጫ ጨመረበት።

የመሪው አንገት ላይ ያሉት ልቅ ኳሶች በሾጣጣ ኩሽኔታ ተተኩ፤ ልኩ ያልገጠመውን ቶርኖው በቀጭን ቀለበት ሞላው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪው በትንሽ ግፊት በራሱ ወደ ጎን ከወደቀ፣ ፎርኩ ወደፊትና ወደኋላ ሲነቀነቅም ካላንኳኳ፣ ጥብቀቱ ልክ ነው።

ፎርኩን ራሱን ማሻሻል የሚጀምረው ከዘይት ዘንጉ ነው። የድሮ ፎርክ ዘይቱን የሚያስገድደው ልኩ በማይለወጥ የዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ቀስ ሲል ምንም አይገታም፣ ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ዘይቱ ማምለጫ አጥቶ ይደርቃል፣ ምቱም እጅ ላይ ይመጣል። ኢሙሌተር የሚባለው ቫልቭ ዘንጉ አናት ላይ ይቀመጣል፣ ሞላው ይጫነዋል፤ በራሱ ትንሽ ሞላ የተያዘ ክዳኑ በምቱ ኃይል መጠን ይከፈታል። እንዲሠራ የዘንጉ የታችኛው ቀዳዳዎች ሰፍተው ከጨዋታ ውጭ መሆን አለባቸው፦ 8 ሚሜ የሆኑ ቢያንስ ስድስት ቀዳዳዎች፣ በጥንድ ፊት ለፊት፣ እያንዳንዱ ጥንድ ከሌላው 90 ዲግሪ ዞሮና ቢያንስ 10 ሚሜ ርቆ። ሁሉን አንድ መስመር ላይ ከደረደሯቸው ዘንጉ እዚያው ይሰበራል። ከላይ ያለችው ትንሽዬ ቀዳዳ አትነካም፤ የመመለሻውን ፍጥነት የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ቶርኖ ቤቱ ቀዳዳዎቹን በትክክል በሳ፣ ውስጥ በኩል የቀረውን የብረት ቅርፊት ግን አላነሳም። ክብ ሞረድ አስገብቶ ማንሳትና በናፍጣ ማጠብ የባለቤቱ ሥራ ነው ብለው ይውሰዱት።

ጋራዡ ላይ ቅሬታዬ ከባድ ነው። ፎርኩ ውስጥ የተገኘው የሞተር ዘይት ቁጥር 40 ነበር፤ «ወፍራም ከሆነ ጠንካራ ይሆናል» የሚለው እምነት እዚያ ሥር ሰዷል። ያ ዘይት ከቁጥር 10 የፎርክ ዘይት በአራት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ሲመለስ ስለሚዘገይ ፎርኩ ከአንዱ ጉድጓድ ሳይነሳ ሌላው ያገኘዋል፣ እየሰመጠ እየሰመጠ ይሄድና በመጨረሻ ጉዞው አልቆ ይመታል። ባለቤቱም ይህን አይቶ የበለጠ ወፍራም ያስገባል! የፎርክ ዘይት ከውጭ ማጓጓዝ አያስፈልግም። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሸጠው ዴክስሮን ከቁጥር 10 ጋር ተቀራራቢ ነው። ኢሙሌተር ለገባበት ፎርክ ደግሞ ለሎደርና ለፕሬስ የሚሸጠው ሃይድሮሊክ ቁጥር 46 የቁጥር 15ን ያህል ይሆናል፤ ጉድለቱ ሙቀት ላይ ቶሎ መቅጠኑ ነው፣ ባቲ ቀትር ላይ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል።

መጠኑ በጣሳ አይሰፈር። ሞላው ወጥቶ፣ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ታምቆ፣ ኢሙሌተሩ ቦታው ላይ ሆኖ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ፊት በ150 ሚሜ ይጀምሩ። መሣሪያው ከፋርማሲ ይገዛል፦ ትልቅ ሲሪንጅና የጉሉኮስ ላስቲክ። ላስቲኩን 150 ላይ ምልክት አድርጎ ከዚያ በላይ ያለውን መምጠጥ ነው። ፎርኩ እየመታ ካስቸገረ የዘይቱን ፊት 10 ሚሜ ከፍ ያድርጉት፤ ውስጡ 30 ሚሜ ለሆነ ቱቦ ይህ 7 ሲሲ ገደማ ነው። በዘይቱ ላይ የቀረው አየር ራሱ ሞላ ነውና ቀስ በቀስ ይጨመር።

ሌላው የጋራዡ ጥፋት ሞላ በኦክስጅን እሳት ማሞቅ ነው። የሞላን ጫፍ አግሎ ማጠፍ ያንን ጥምዝ ለዘላለም ያደክመዋል። ሞላ ማጠንከር ከተፈለገ በቀዝቃዛው በዲስክ ይቆረጥ፦ 50 የሚሠራ ጥምዝ ካለው 5 ሲቀነስለት ጥንካሬው 11 በመቶ ይጨምራል፣ የጎደለው ቁመት በወፍራም የውሃ ፕላስቲክ ቱቦና በሁለት ሮንዴላ ይሞላል። ኢሙሌተሩ የያዘውም ቁመት ከዚያው ቱቦ ላይ ይቀነስ፤ ይህን የረሳ ፎርኩን እንደ ብረት ዱላ አድርጎ ይገጥመዋል። ሞላ ለመለካት ደግሞ የሰው ሚዛንና የማቆሚያ ድሪል በቂ ናቸው፦ 100 ሚሜ ሲታመቅ ሚዛኑ 35 ኪሎ ካለ ሞላው 0.35 ኪሎ በሚሜ ነው።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለው ሱቅ ትሁትና ታጋሽ ነው፣ ሳጥን እስኪራገፍ አብሮ ይፈልጋል። ነገር ግን ሲል የሚሰጠው በቁጥር ብቻ ነው፦ ውስጥ፣ ውጭ፣ ቁመት። ቁጥሩ የገጠመው የሚሽከረከር ዘንግ ሲል ሊሆን ይችላል፤ አንድ ከንፈር ብቻ ያለው፣ አቧራ የማይጠርግ። የፎርክ ሲል ሁለት ከንፈር አለው፤ ዘይት የሚይዝና አቧራ የሚመልስ። የኋላ አሞርዛተርም ከህንድ ሞተሮች የሚገጥም ይገኛል። ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ይለኩ፤ ከነበረው ከ15 ሚሜ በላይ ከረዘመ ሰንሰለቱ ክንዱን ይፍቃል፣ መሪውም ይቀላል። እነዚህ ሞላቸው ለሁለት ሰውና ለኩንታል የተሠራ ነው፣ የመመለሻ ግታቸው ግን ደካማ፤ ባዶውን ሲነዱት ኋላው እንደ በቅሎ ይራገጣል። ዋይኤስኤስ ወይም ኢኮን የሚባለውን አሞርዛተር ከውጭ ይዞ መሄድ ያዋጣል። ናይትሮጅን ያለበት ከሆነ ግን የአየር መንገዱን ደንብ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ደሴም ናይትሮጅን የሚሞላ አልተገኘም። አንድ በያጅ በብየዳ ኦክስጅን እሞላዋለሁ ብሎ ነበር። በፍጹም! ኦክስጅን በግፊት ዘይት ሲያገኝ ይፈነዳል።

ያው በያጅ የአሞርዛተሩን መያዣ ቆርጦ ወደፊት ለማምጣትም ዝግጁ ነበር። ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የቤልጂጉ ሉሲየን ቲልከንስ በነደፈውና ያማሃ በገዛው ነጠላ አሞርዛተር ሆካን አንደርሰን በ1973 (እ.ኤ.አ.) የ250 ሲሲ የሞቶክሮስ (የአፈር ላይ ውድድር) የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ ወዲህ፣ ሌሎቹ ፋብሪካዎች የጎማውን ጉዞ ለማስረዘም ሁለቱን አሞርዛተሮች ወደፊት አጋደሙ። ሂሳቡ ግን ይታይ፦ ክንዱ 45 ሴንቲ ሜትር ሆኖ መያዣው ከ40 ወደ 33 ቢመጣ፣ 90 ሚሜ የሚታመቅ አሞርዛተር የጎማውን ጉዞ ከ101 ወደ 123 ሚሜ ያደርሰዋል፤ ሞላው ደግሞ 47 በመቶ መጠንከር ይኖርበታል፣ የክንዱም ቱቦ ለዚያ ጭነት አልተሠራም። ለ22 ሚሜ አያዋጣም፣ ተውኩት።

ማስተካከያው በስምጠት ይጀመር። ጎማው ተንጠልጥሎ አንድ ልክ፣ ነጂው ተቀምጦ ሌላ ልክ፤ ልዩነቱ ከጠቅላላው ጉዞ 30 በመቶ ገደማ ይሁን። 150 ሚሜ ለሚጓዝ ፎርክ 45 ሚሜ፣ 100 ለሚጓዝ ኋላ 30። የፎርኩን ክዳን የሚጠቀሙበት ከፍታ ላይ፣ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ይዝጉት። ባሕር ጠረፍ ላይ የተዘጋ ፎርክ ደሴ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ሩብ ባር ያህል ትርፍ ግፊት ይዞ ይመጣል፣ ሲሉንም ያስጨንቃል። ለሙከራ የደሴ ኮብልስቶን ወደር የለውም፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እጅ ካልነዘረ ኢሙሌተሩ እየሠራ ነው።

ለቀጠሮ፦ ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ጁምዓ ነው፣ ማንንም አይጠብቁ። ቶርኖው መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ስለዚህ ጠዋት ቀድሞ መገኘት ነው። ለነሐሱ ቀብድ ይከፈላል፣ ቀሪው በቴሌብር። ልክ የሚጻፈው ደግሞ በወረቀት ነው፣ «ጠበቅ አድርገው» የሚል ቃል ለሁሉም የተለየ ትርጉም አለውና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡሽንጎቹ እንደገቡ ናቸው፣ የተቃናውም ቱቦ ዳግም አልታጠፈም። ላብ ያሳየው የቀኙ ሲል ብቻ ነው፤ ከሻንጣ የመጣው ሲገባ ተቀዶ በገበያው የተተካው።