ክዳኑን ከፍቶ የሚሸጥ ኮምፒውተር ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል። አብዛኞቹ ዕቃውን ከላይ ወልውለው «ኮር አይ 5 ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከዱባይ የመጣ ነው» ይሉና ዋጋ ይጠራሉ። ከዚያ በላይ ስትጠይቋቸው ፊታቸው ይቀየራል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከእነሱ ስለሚለይ አንድ ቤት ነው። ከጊዮርጊስ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ፣ ከጫማ መሸጫ ጎን ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ታፔላው «የኮምፒውተር ሽያጭና ጥገና» ይላል እንጂ ስም የለውም። ለምን ስም አላወጣህለትም ብዬ ስጠይቀው የሱቁ ባለቤት፣ ወጣት ልጅ ነው፣ «የሚፈልገኝ ያገኘኛል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ወረፋው እስከ በር ነው።

እኔ ፔዳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰኔ ሲመጣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጎርፋል። በዚያ ሰሞን ማሽኑ ስታክ ካደረገ ተማሪው ፍላሹን ነቅሎ ጎረቤት ይገባል፣ አለቀ። አሮጌው ኮምፒውተሬ ወርድ እስኪከፍት ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ማየት ከጀመረ ቆየ። ስለዚህ ሌላ ዴስክቶፕ ፍለጋ ወጣሁ።

ልጁ «ምን ልታዘዝ እትዬ?» ሲለኝ «ሲፒዩ ፈልጌ ነበር» አልኩት። በኛ ሥራ ሳጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ነው የምንለው። አልሳቀብኝም፣ አላረመኝምም። ከመደርደሪያው አንድ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 5060 አወረደ፣ የጎኑን መያዣ ሳብ አደረገና ክዳኑን አነሳው። «እንግዲህ ይዩት» አለ። ማራገቢያው ሥር ወዳለው ብረት እየጠቆመ «ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ሲፒዩው እዚህ ሥር ነው፣ ከክብሪት ሳጥን አይበልጥም። ትልቁ ሰሌዳ ማዘርቦርድ ነው፣ ሁሉም እሱ ላይ ይሰካል። ጥግ ላይ ያለው ፓወር ሰፕላይ ነው፣ የግድግዳውን 220 ቮልት ዝቅ አድርጎ ያከፋፍላል።» በቃ። ንግግሩ አጭር ነው፣ እጁ ግን ሁሉንም ይነካል።

ከዚያ ወደ ስቲከሩ መጣ። «ኮር አይ 5 ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ይዩ።» የዚህኛው አይ 5-8500 ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው 8 ስምንተኛ ጄኔሬሽን፣ ስምንተኛ ትውልድ፣ ነው ማለት ነው። አጠገቡ የነበረው ሌላ ማሽን አይ 5-3470 ነበር፣ ሦስተኛ ጄኔሬሽን፣ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ። ስምንተኛው 6 ኮር አለው፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠሩ 6 የሲፒዩ ክፍሎች፤ ሦስተኛው 4። ሁለቱም ግንባራቸው ላይ የለጠፉት ያው ኮር አይ 5 ነው። አሥረኛ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ አምስት አሃዝ ይሆናል፣ ለምሳሌ 10400፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው የምታዩት። አንዳንድ አዲስ ኮር አይ 3 ያረጀውን ኮር አይ 5 ያስከነዳዋል።

ልጁ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ላይ ሙጭጭ ያለው በምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን፣ ማለትም የደህንነት ማሻሻያውን፣ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። በጓሮ በር የሚጭኑ አሉ፣ ይሠራልም። ግን የሰው የባንክ ደብዳቤና የትምህርት ማስረጃ የሚጻፍበት ማሽን ላይ እኔ አልደፍረውም።

በጣም የወደድኩት የዲስኩን ነገር ነው። እኔ ቆሜ እያለሁ አንድ አባት ለልጃቸው ሊገዙ ገቡ። ሁለት ተመሳሳይ ሳጥኖች ቀረቡላቸው፤ አንዱ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሰውየው ሳያቅማሙ 500ውን ያዙ። ማን ይፈርድባቸዋል፣ 500 ከ256 ይበልጣላ! ልጁ አልተከራከረም። ሁለቱንም ሰካና ቁልፋቸውን በአንድ ላይ ተጫነ። ኤስኤስዲው ዊንዶውስ ከፍቶ፣ ወርድ ከፍቶ፣ ባዶ ገጽ ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል ሃርድ ዲስኩ ገና ነጠብጣቦቹን ያሽከረክራል። ሰውየው ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ አስጠግተው «ምንድነው የሚንቃቃው?» አሉ። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፣ የዴስክቶፑ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል፣ በላዩ ላይ የሚያነብ ክንድ ወዲያ ወዲህ ይላል። የሚንቃቃው እሱ ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሰውየው 500ውን መለሱ።

እኔም 256ቱን ወሰድኩ። ቤት ወስጄ ስከፍተው ግን 238 ጊጋ ይላል። ደወልኩለት፣ ትንሽም ቆጣ ብዬ ነበር። «18ቱን ማን በላው?» «ማንም አልበላውም እትዬ። ፋብሪካው ጊጋውን በሺህ በሺህ ነው የሚቆጥረው፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024።» ካልኩሌተር አውጥቼ መታሁት፤ 256 ቢሊዮንን ሦስት ጊዜ ለ1024 ሳካፍለው 238 ነጥብ ምናምን መጣ። 500 ጊጋ የተባለውም 465 ሆኖ ነው የሚታየው። ይህን የማያውቅ ስንቱ ሻጩን ሌባ ሲል ይውላል።

ራምና ዲስክን አንድ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ ስልክ ላይ ሁሉንም «ሜሞሪ» ስለምንል ይሆናል። ለኛ ለጸሐፊዎች ልዩነቱን ያስተማረን መብራት ነው። እየጻፋችሁት ያለው ገጽ ያለው ራም ላይ ነው፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሴቭ ስትሉት ዲስክ ላይ ይጻፋል፣ መብራት ሲመጣ ታገኙታላችሁ። የኔ ማሽን 8 ጊጋ ራም አለው። ለአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ፣ ለወርድና ለጥቂት ክሮም ገጾች አይጎድልም። ካሮጌው ማሽን ያለችውን 4 ጊጋ ጨምርልኝ ብዬው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ፤ ከሥራቸው ያለችው ቁራጭ ክፍተት ቦታዋ ይለያያል። አሮጌዋ ዲዲአር 3 የሚባለው የራም ዓይነት ናት፣ 240 እግር አላት፤ አዲሷ ዲዲአር 4፣ 288። በግድ ልግጠም ቢሉ ስሎቱ ይሰበራል እንጂ አይገባም።

እግረ መንገዴን ደግሞ አንድ የጥገና ነገር አየሁ። አንድ ተማሪ «ይበራል ግን ስክሪኑ ምንም አያሳይም» ብሎ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። ልጁ ራሙን ነቀለ፣ ከመሳቢያው የትምህርት ቤት ላጲስ አወጣና ወርቃማዎቹን እግሮች ቀስ ብሎ ፈገፈጋቸው። ፍርፋሪውን ጠርጎ መልሶ ሰካው። ስክሪኑ መጣ። ገንዘብ አልተቀበለም፣ ላጲሱን ግን ለተማሪው ሰጠው። ሌላ አንዷ ደግሞ ሰዓቱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እየተመለሰ ድረ ገጹ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» የሚላትን አመጣች። የማዘርቦርዷን ክብ ባትሪ ቀየረላትና ሄደች። ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ናት፣ ስትደክም ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። የኔ ሞኒተር የድሮ ነው፣ ሰማያዊ ራስ ባለው ቪጂኤ ገመድ የሚሠራ። የሸጠልኝ ማሽን ጀርባው ላይ ያለው ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለው ሌላ ዓይነት መሰኪያ ብቻ ነው። ይህን ሲከፍትና ሲዘጋ አልነገረኝም። ሱቄ ደርሼ፣ ደንበኛ ቆሞ፣ ገመዱ አልገባ አለኝ። ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ። መቀየሪያውን በተጨማሪ ገንዘብ ሸጠልኝ፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ ምስሉን ያንቀጠቅጥ ጀመር። ቀየረልኝ፣ ያለ ጭቅጭቅ። ግን ሲፒዩ ስንት ኮር እንዳለው እየቆጠረ የሚያስረዳ ሰው «ሞኒተርዎ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

ሁለተኛው የዋስትናው ነገር ነው። ሦስት ወር ይላል፣ የሚጽፈው ግን በቢዝነስ ካርዱ ጀርባ በእስክሪብቶ ነው። ደረሰኝ ለምኜ ነው ያገኘሁት። ደግሞ «መብራት ያቃጠለው አይመለከተኝም» የሚል ጨምሮበታል። ባሕር ዳር ላይ መብራት ካላቃጠለው ሌላ ምን ያቃጥለዋል?

እዚህ ላይ እንኳ ምክሩ ጠቅሞኛል። ስታቢላይዘር ካለኝ ዩፒኤስ አያስፈልገኝም ብዬ ነበር። ስታቢላይዘር ቮልቱ ከፍ ዝቅ ሲል ያስተካክላል፣ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ባትሪ ስላለው ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። «ሌዘር ፕሪንተርዎን ግን ዩፒኤሱ ላይ እንዳይሰኩ» አለኝ። ሌዘር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱን ያጨናንቀዋል። ይህን የሚያውቅ የፎቶ ኮፒ ቤት በኛ መስመር ስንት አለ?

ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ አሮጌ ሳጥን ላላችሁም አንድ ነገር፦ ከጀርባው፣ ከፓወር ሰፕላዩ አጠገብ፣ ቀይ ተንሸራታች ማብሪያ ካለው 115 ላይ ሳይሆን 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩት። አዳዲሶቹ ራሳቸው ይለያሉ። ልጁ በዚህ የተቃጠሉትን ፓወር ሰፕላዮች ጥግ ላይ ከምሯቸዋል፣ ብታዩት ታዝናላችሁ።

ዋጋውን ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዛሬው ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም። ከአካባቢው ሱቆች ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ ወደድ ይላል። እኔ ጭማሪውን የከፈልኩት ክዳኑን ስለከፈተልኝና የዲስኩን ጤና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ስላሳየኝ ነው። ስንት ሰዓት እንደሠራ ሁሉ ያወጣዋል። ሌላ ሱቅ ይህን ስጠይቅ «አታምኚኝም እንዴ?» ነበር መልሱ።

የምትሄዱ ከሆነ የሞኒተራችሁን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪው ይሞላዋል። ወሬ ይወዳል፣ ከቸኮላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። እሑድ ዝግ ነው።