ዘይት በሊትር ወይስ በኪሎ? ቡና ጥሬ ወይስ የተፈጨ? የአንዱን ዋጋ አውጥቶ መምረጥ

ባለሱቁ የሚጠራው የሙሉ ዕቃውን ዋጋ ነው። ለማወዳደር ግን የአንድ ሊትር ወይም የአንድ ኪሎ ዋጋ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ያህል የተወሰዱ ስለሆኑ በሰፈርዎ ዋጋ ይተኳቸው።

ከዘይት እንጀምር። ባለ 3 ሊትሩ ጀሪካን 930 ብር፣ ባለ 5 ሊትሩ 1,600 ብር ነው እንበል። 930 ለ3 ሲካፈል 310 ብር፣ 1,600 ለ5 ሲካፈል 320 ብር ይመጣል። «ትልቁ ይረክሳል» የሚለው እዚህ ላይ አልሠራም። አሁን ደግሞ «5 ኪሎ» የተጻፈበት ሌላ ጀሪካን በ1,700 ብር ቀረበ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ውድ ነው ብሎ ያልፈዋል። ይሁንና ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ የሚመዝነው 0.92 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ 5 ÷ 0.92 ወደ 5.43 ሊትር ይሆናል፤ 1,700 ለዚህ ሲካፈል ሊትሩ 313 ብር ይወጣል። ከባለ 5 ሊትሩ ይሻላል፣ ባለ 3 ሊትሩን ግን አያሸንፍም።

ስንት ጊዜ ያቆያል? በሳምንት ¾ ሊትር ለሚጨርስ ቤት 3 ÷ ¾ ማለት 3 × 4/3 ነው፤ 4 ሳምንት። ባለ 5 ሊትሩ 20/3፣ ማለትም 6⅔ ሳምንት ያቆያል። ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ⅔ ሊትር ተረፈ ብሎ ያነበዋል። ⅔ የሳምንቱ ድርሻ እንጂ የሊትር አይደለም። ስድስት ሳምንት 4½ ሊትር ይጨርሳል፤ ጀሪካኑ ውስጥ የሚቀረው ½ ሊትር ብቻ ነው።

ወደ ቡና እንምጣ። ተቆልቶ የተፈጨው ሦስት ሩብ ኪሎ 660 ብር፣ ጥሬው ግማሽ ኪሎ 350 ብር ይሁን። 660 ÷ ¾ ሲሰላ ክፍልፋዩ ተገልብጦ ይባዛል፦ 660 × 4/3 = 880 ብር። ሳይገለብጡ ያባዙ 495 ያገኛሉ፤ ሙሉ ኪሎ ከሦስት ሩብ ኪሎ ረክሶ ከተገኘ ስሌቱ መሳቱን ወዲያው ይወቁ። ጥሬው፣ 350 ÷ ½፣ ኪሎው 700 ብር ነው።

180 ብር አተረፍን ለማለት ግን አይቸኩሉ። ቡና ሲቆላ እርጥበቱ ስለሚተን ክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። አንድ ስድስተኛው ቢጠፋ የሚቀረው ⅚ ነው፤ 700 ÷ ⅚ = 840 ብር። ትርፉ ወደ 40 ብር ወረደ። ጠቆር ያለ ቡና የሚወዱ ደግሞ አንድ አምስተኛውን ያጣሉ፤ 700 ÷ ⅘ = 875 ብር። የቀረችው 5 ብር ከሰሉን እንኳ አትሸፍንም፤ እንዲህ ከሆነ ጥሬውን የሚገዙት ለሽታው ነው።