አሜባን ለመለየት ማይክሮስኮፕ ወይስ ፒሲአር? በኦራንግ አስሊ መንደሮች

በማሌዥያ ነባር ሕዝቦች፣ በኦራንግ አስሊ መንደሮች፣ የአንጀት አሜባ በብዛት የሚፈለገው በማይክሮስኮፕ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ትንሽ ሰገራ በሳላይን (በጨው ውሃ) ወይም በአዮዲን በጥብጦ ማየት ይበቃል። ግን የባለሙያው ጥንቃቄ የማይፈታው ችግር አለ። በሽታ የሚያመጣው ኤንታሚባ ሂስቶሊቲካና ጉዳት የሌለው ኤንታሚባ ዲስፓር ሲስታቸው (ጠንካራ ግድግዳ ያለው፣ በሰገራ የሚወጣው ቅርጻቸው) በማይክሮስኮፕ አይለይም፤ የሁለቱም መጠን ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ነው፣ ሲበስሉም 4 ኒውክለስ አላቸው። ቀይ የደም ሴል የዋጠ ትሮፎዞይት (የሚንቀሳቀሰው የአሜባ ቅርጽ) ከታየ ጥርጣሬው ወደ ሂስቶሊቲካ ያጋድላል፤ ሆኖም ፈሳሽ ሰገራ በ30 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት፤ ቤተ ሙከራው ከጫካ መንደር ሲርቅ ይህ አይሆንም።

ፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ፣ ዝርያውን በዲኤንኤው ይለያል፤ ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከማሽኑ በፊት ነው። ፎርማሊን ዲኤንኤን ይጎዳል፤ ናሙናው በ70 በመቶ ኢታኖል ወይም በ2.5 በመቶ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ይቀመጥ፤ ዲኤንኤው ከመውጣቱ በፊትም በደንብ ይታጠብ። የሲስቱ ግድግዳ ጠንካራ ነው፤ በጥቃቅን የመስታወት ዶቃ መናጥ ወይም ደጋግሞ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ያስፈልጋል። በሰገራ ውስጥ ያለው የሐሞት ጨው የፒሲአሩን ኬሚካላዊ ምላሽ ስለሚያፍን፣ «ኔጌቲቭ» ከመባሉ በፊት ዲኤንኤው 1 ለ10 ተቀጥኖ ይደገም። ባለሁለት ዙር ፒሲአር (የመጀመሪያው ዙር ውጤት እንደገና የሚባዛበት) ከሆነ ሁለተኛው ዙር በሌላ ክፍል ይዘጋጅ፤ የመጀመሪያው ዙር ውጤት ጠብታ ሌላ ቱቦ ከነካ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይመጣል።

ዲስፓር መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ሂስቶሊቲካ ግን ምልክት ባይኖርም ይታከማል። ስለዚህ መንደር ላይ አሜባ መኖሩን በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ዝርያውን ለመለየት ደግሞ ከዚያው ሰገራ ግማሹን በኢታኖል ወደ ፒሲአር መላክ ይሻላል እንላለን።