«ማንኛውንም የቀዘቀዘ ነገር በ10 ደቂቃ» የሚሉትን ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆም በሉ

ወገን፣ እኔ ተሸውጃለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

የገዛሁት ማሽን በጠባብ ቀዳዳዎች ኃይለኛ አየር እየለቀቀ ምግብ ያቀዘቅዛል፣ ሲፈለግ ደግሞ የቀዘቀዘውን ያቀልጣል የተባለ ነው። ሻጩ «ማንኛውንም ነገር በ10 ደቂቃ» አለኝ፣ በዓይኔም አሳየኝ። የሚያናድደው ደግሞ ያሳየኝ ነገር እውነት መሆኑ ነው።

ከፍሪዘር አንድ ስስ የስጋ ቁራጭ አወጣ። ውፍረቱ 1 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ ቁልፉን ሲጫን ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ጀመረ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ አውጥቶ በሁለት ጣቱ እንደ ጨርቅ አጠፈልኝ። እኔም አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀብድ ከፈልኩ።

ማሽኑ በመጣ ማግስት እኔ በየቀኑ የምጠቀመውን ዓይነት ስጋ ከተትኩበት፣ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላዩ ለስልሶ ውሃ ያንጠባጥባል። ደስ አለኝ። ቢላዋ ስሰድበት ግን የጣት ውፍረት ያህል ገባና ቀጥ አለ። ከሦስት ሰዓት በኋላም መሃሉ ድንጋይ ነበር።

ነገሩን ገብቼ ሳጠናው ነው የነቃሁት። ሙቀት ወደ ምግቡ መሃል ለመድረስ ሁለት መንገድ ይጓዛል። መጀመሪያ ከአየሩ ወደ ምግቡ ገጽ፣ ከዚያ ከገጹ ወደ መሃል። ምግቡን ተለጥፎ የሚከበው ስስ የአየር ሽፋን እንደ ብርድ ልብስ ነው፣ ሙቀት እምብዛም አያሳልፍም። ኃይለኛው አየር ይህንን ሽፋን ይገፈዋል። እዚህ ላይ ማሽኑ አልዋሸም። ጸጥ ያለ አየር በአንድ ካሬ ሜትር ገጽ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ ከ5 እስከ 10 ዋት ገደማ ነው የሚያሻግረው። እንዲህ በቀዳዳ የሚረጭ አየር ግን ከ100 አልፎ 200 ሊደርስ ይችላል። ትልልቅ ፋብሪካዎች ስስ የዓሳ ቁራጭና ጠፍጣፋ የተፈጨ ስጋ በዚህ መንገድ የሚያቀዘቅዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ላይ ግን አየሩ ምንም ሥልጣን የለውም። ስጋው ውስጥ አይገባማ!

ሩዶልፍ ፕላንክ የሚባል መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 የማቀዝቀዣ ጊዜን የሚገምት ቀመር አውጥቷል። ለማቅለጥም ግምት ይሰጣል። በቀመሩ መሠረት የገጹ ድርሻ ከውፍረቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ የውስጡ ድርሻ ግን በውፍረቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ውፍረቱ አሥር እጥፍ ሲሆን የውስጡ ድርሻ መቶ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 20 ዲግሪ አየርና ጠፍጣፋ ስጋ ይዤ ሳሰላው፣ 1 ሴንቲሜትሩ 10 ደቂቃ ገደማ፣ 10 ሴንቲሜትሩ ደግሞ ከ9 ሰዓት በላይ። አያችሁ? ሻጩ ለምን ስሱን እንደመረጠ አሁን ገባኝ።

ሌላም አለ። በወረቀታቸው ላይ ለማቀዝቀዝም ለማቅለጥም አንድ ዓይነት ሰዓት ነው የጻፉት። ይህችን ብቻ አይቼ መጠርጠር ነበረብኝ። በረዶ ሙቀትን ከውሃ አራት እጥፍ ያህል ያሳልፋል። ስታቀዘቅዙ ውጪው በረዶ እየሆነ ለውስጡ መንገድ ይከፍታል፣ ስታቀልጡ ግን የቀለጠው ውጪ ራሱ ለውስጡ ብርድ ልብስ ይሆንበታል። ሁለቱን እኩል ነው የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል፣ የትኛው እንደሚብስ እናንተ ፍረዱ።

ገንዘቤን መልሱ ብዬ ስደውል «ስጋህ ወፍራም ነው» ተባልኩ። ዋስትናው ሞተሩን ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ከወረቀቱ ግርጌ ደግሞ በጉንዳን ፊደል «ውጤቱ እንደ ምግቡ መጠን ይለያያል» ይላል። ይባስ ብለው ፍጥነቱ እጥፍ የሆነውን ሞዴል ጨምረህ ውሰድ አሉኝ። የማራገቢያ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ኃይል ስምንት እጥፍ ያህል ነው። ለኔ ስጋ ግን ከ9 ሰዓቱ ላይ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቀንስልኝም። በማቀዝቀዝ ጊዜ ደግሞ ያ ኃይል ሙቀት ሆኖ እዚያው ማቀዝቀዣው ውስጥ ይቀራል፣ እሱንም መልሶ ማስወጣት አለበት።

«አየሩን አሙቀው» የሚል ምክርም ሰጡኝ። እባካችሁ አትሞክሩት። መሃሉ እስኪቀልጥ ላዩ ለሰዓታት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቆያል፣ ባክቴሪያ የሚራባውም እዚያው ነው። ለወፍራም ስጋ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል፣ ያውም በነጻ።

የግድ መግዛት ካለባችሁ የራሳችሁን ወፍራም ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱ። በላስቲክ የምትጠቀልሉ ከሆነ እንደተጠቀለለ ይሞከርላችሁ፣ በላስቲኩና በስጋው መካከል የሚቀረው አየር ያንኑ ብርድ ልብስ ይመልሰዋልና። ቴርሞሜትሩ የሚሰካው መሃሉ ላይ ይሁን። የታየው ሰዓት ከነውፍረቱ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ አይጻፍም ካሉ ቀብዳችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቅር።

ማሽኑ አሁንም እኔ ጋ ነው። ስስ ነገር ሲኖረኝ ጎበዝ ነው፣ አላማውም። ልሸጠውም አስቤያለሁ። የሚፈልግ ካለ ግን 10 ሴንቲሜትር ቁራጭ ይዞ ይምጣ፣ ምሳውንም ቢይዝ ጥሩ ነው።