የአማርኛ አስተማሪ ለምትፈልጉ የሲልቨር ስፕሪንግ ወላጆች

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ አይወዱም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። «ጎበዝ ናቸው» ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ለማንም ስለማይጠቅም፣ ለምን እሳቸውን እንደምጠቁም በዝርዝር ልጻፍ።

እዚህ አካባቢ ለልጆች የሚሰጠው የቅዳሜና እሁድ አማርኛ ብዙው እንዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። ፊደል ገበታው ወራት ይፈጃል፤ ከዚያ «ሰበርኩ፣ ሰበርክ፣ ሰበርሽ» በዜማ ይሸመደዳል። ልጁ ሠንጠረዡን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ አያቱ በስልክ «ምን በላህ?» ሲሉት ግን ዝም። ወላጅ ሲጠይቅ «ልጅዎ አይከታተልም» ይባላል። ያበሳጫል! ልጁ ቅርጹን ይዟል፤ ከትርጉም ጋር ያገናኘለት ነው የጠፋው።

አሁን መምህርት «ን»ን፣ ማለትም ድርጊቱ በማን ላይ እንደተፈጸመ የምትለየውን ምልክት («ውሻውን» ላይ ያለችውን)፣ እንዴት እንደሚያስተምሩ ተመልከቱ። ሁለት ሥዕል ያስቀምጣሉ፤ በአንዱ ውሻ ልጅ ይነክሳል፣ በሌላው ልጅ ውሻ ይነክሳል። «ውሻውን ልጁ ነከሰው። የቱ ነው?» በእንግሊዝኛ ያደጉት ልጆች ውሻው ወደሚነክስበት ይጠቁማሉ፤ ቀድሞ የተጠራው ሁሉ አድራጊ ይመስላቸዋል። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ቫንፓተንና ካዲየርኖ እ.ኤ.አ. በ1993 ስፓኒሽ ለሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መላ ያበጁለት ችግር ይኸው ነው።

ብልሃቱ አመራረጡ ላይ ነው። ልጁም ውሻውም ወንድ ስለሆኑ «ነከሰው» ምንም አያሳብቅም፤ መለያው «ን» ብቻ ናት። ልጅቷ ብትሆን ኖሮ «ነከሳት» እና «ነከሰችው» መልሱን አስቀድመው ያወጡት ነበር፣ «ን»ን የሚሰማ አይኖርም። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ቦታ እየተቀያየረ ሃያ ያህል ይሰማሉ። እስከዚያ ድረስ ተናገር ተብሎ የሚጨነቅ ልጅ የለም።

ከሁሉ የማደንቀው እርማታቸውን ነው። አንድ ልጅ «ልጁ ውሻው ነከሰ» ሲል «ተሳስተሃል» አይሉም፣ ትክክለኛውንም አይነግሩትም። «ማንን?» ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። ጥያቄዋ ራሷ «ን» አለባት! ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ሌላው ልጅ ሊመልስለት ሲል በእጃቸው ያስቆማሉ። ልጁ ራሱ «ውሻውን!» ይላል፤ የሳቀበት የለም። ይህ ትዕግሥት በገንዘብ አይገዛም፣ እውነቴን ነው።

ቅጽሉን (እንደ «ትልቅ» ያለውን ገላጭ ቃል) ለብቻው ያቆዩታል። ቅጽል ሲገባ «ውሻውን» ላይ ያሉት «ው»ም «ን»ም ወደ እሱ ይሄዳሉ፣ «ትልቅ» ላይ «ው» «ቁ» ውስጥ ትገባለች፤ «ትልቁን ውሻ» ይሆናል። ልጆቹ ግን «ትልቅ ውሻውን» ይላሉ። ሁለቱን በአንድ ቀን ያስተማረ የተያዘችውንም «ን» ያስጠፋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋ አፋቸው ላይ እስክትረጋ ሳምንታት ይጠብቃሉ። የትኛው ውሻ እንደሆነ ካልታወቀ «ውሻ አየሁ» ያለ «ን» እንደሚቆም ያሳዩዋቸውና፣ የታወቀው ውሻ ሲሆን ግን «ውሻውን አየሁት» ይላሉ። «ተሳቢ» የምትለው ቃል የምትመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ያውም ለትልልቆቹ።

ወላጆች፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን ውሰዱላቸው። በአንድ ክፍል ከስድስት ልጅ በላይ ስለማይቀበሉ ቶሎ ጠይቁ። ቤት ውስጥም ልጁ ሲሳሳት ቀድማችሁ አትመልሱለት፤ «ማንን?» በሉና ጠብቁት። መምህርት፣ ደግመን እናመሰግናለን፣ ዕድሜ ይስጥልን!